ሾፌር ንጉሤ የጀይላንን ድምፅ ከአሰብ ወደ ይፋት እንደ መለሰ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ አራት ዓመት፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዘውድ ከወረደ ስምንተኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጓድ ግርማ በሸዋ ሮቢት በቀበሌው ወንበር በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኀ ግንቦት፣ የሮቢት ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣራ ስታንጫጫና ውሻውም ሰውም ለአንድ ጥላ ሲጋፉ፣ ንጉሤ ዘሸዋ ሮቢት፣ መራሔ መኪና፣ ሰባሬ አቀበት፣ ገሣጼ ቁልቁለት፣ ከአሰብ ወደብ አንድ ሸክላ ይዞ በደኅና ገባ። በደኅና ማለቴ ከጥቂት ጕዳት በቀር ነው፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ይህን ዜና የጻፍሁት እኔ ወልደማርያም ነኝ፤ በልጅነቴ ዜማ ተምሬ፣ ኋላም ዜማው እንጀራ አልሆን ቢለኝ በእትዬ ሮማን ሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ የምኖር። በሮቢት የሆነውን በዓይኔ አየሁ፤ በመንገድ የሆነውን ከረዳቱ ከቃሲም አፍ ሰማሁ። ቃሲም ሲያወራ ጥቂት ይጨምራል፤ እኔም የጨመረውን ቀንሼ የቀነሰውን ጨምሬ ጻፍሁ። ጀግናውንም «እርሱ» ማለቴ ስለ ንቀት አይደለም፤ የነገሥታት ዜና እንዲህ ስለሚጻፍ ነው።

ጀግናው ንጉሤ ይባላል አልን። ንጉሥ የሚለው ቃል ከአገር ሲሻር ስሙን ይለውጥ ዘንድ የመከሩት ነበሩ፤ እርሱ ግን «እናቴ ያወጣችውን ስም የሚያወርድ አዋጅ ካለ፣ እናቴ ራሷ ታውጅ» ብሎ እምቢ አለ። ሠረገላው ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነበር። ሠራዊቱም አንድ ነበር፤ እርሱም ቃሲም ወልደ ሁሴን ዘቀወት፣ ፈታሔ ጎማ፣ አሣሬ ሸራ፣ በአቀበት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲል ዘሎ ወርዶ ታኮ የሚወሽቅ፣ ሲወሽቅም ስለ ሾፌሩ እናት የማይነገር ነገር የሚናገር።

በዚያም ወራት በሮቢት ገበያ ዳር፣ ከአንድ የኩርኩራ ዛፍ ሥር፣ ገመድና ጆንያ የሚሸጡ ጋሼ ጀይላን የሚባሉ የአሊዩ አምባ ሰው ነበሩ። ጣልያን ከአገር በወጣ ሰሞን፣ ጢማቸው ገና ሳያገጥም፣ ከግመል ነጂዎች ጋር በረሃውን አቋርጠው በጀልባ ተሻግረው ኤደን ገብተዋል። ይህች ኤደን አዳም የተባረረባት ገነት አይደለችም፤ ከባሕሩ ማዶ ያለችው የየመን ወደብ ናት፤ ጋሼ ጀይላን ግን ሙቀቷን ሲያስቡ «ወላሂ፣ ያችም ኤደን እንዲህ ከነበረች አዳም አልተባረረም፤ ራሱ ነው ሸሽቶ የወጣው» ይሉ ነበር።

በወደቡ ኩሊ ሆነው ሲሠሩ፣ አንድ ነጋዴ በመርከብ ለሚያልፉ መንገደኞች ሸክላ ያስቀርጽ ነበር፤ በአንዱ ገጽ የዑድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ የወደቡ ሰዎች ድምፅ፤ መንገደኛው አገሩ ገብቶ በግራማፎን እያጫወተ «ይህን ወደብ እኔ ረግጬዋለሁ» ብሎ ለጎረቤቱ እንዲኩራራ። ነጋዴውም ከዕለታት አንድ ቀን ወጣቱን ጀይላንን ከጆንያ ሥር ጠርቶ «በአገርህ ቋንቋ ተናገር» አላቸው። ተናገሩ። ድምፃቸውም ሸክላ ሆኖ በመርከብ ወደማያውቁት አገር ሄደ፤ እሳቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰሙት ወደ ይፋት ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ገመድ ለሚገዛ ሁሉ ይነግሩ ነበር፤ ገመድ ለማይገዛም ይነግሩ ነበር። ማንም አላመነም። ከሁሉ አብልጠው ያላመኑት ሚስታቸው እማማ ፋዲላ ነበሩ፤ ለእሳቸውማ «ዘፍኜበታለሁ» ይሏቸው ነበርና። የልጃቸውን የሐምዲያን እጅ ሊጠይቁ ሽማግሎች በመጡ ዕለት፣ ጋሼ ጀይላን የኤደንን ነገር አንሥተው ቢጀምሩ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ በጉንጩ የያዘው ውሃ እስኪፈስ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እማማ ፋዲላ በሰው ፊት ፊታቸው ቀላ። እንግዶቹ ሲሄዱ ቆሙና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ሰው፣ ወይ ሸክላውን አምጣ፣ ወይ ዳግመኛ ስሙን አታንሣ! ልጄ የውሸታም ልጅ ስትባል ተቀምጬ አልሰማም። እስከዚያው ቀወት ነኝ፣ ወንድሜ ቤት።»

በማግስቱም አህያቸውን ጭነው ሄዱ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ማሽላ ልጠብቅ ነው» ይሉ ነበር፤ ወራቱ ግን የማሽላ መጠበቂያ ወራት አልነበረም።

ጋሼ ጀይላን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉ። ገመድ ሲጠየቁ ገመድ ይሰጣሉ፤ ሰላም ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀድሞ ንጉሤ ገመድ ሊገዛ ሲሄድ በወሬ ይዘውት ከጉዞው ያዘገዩት ነበር፤ እርሱም ያጉረመርም ነበር። አሁን ግን ቶሎ ገዝቶ ቶሎ ሲሄድ፣ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ሳያስነሣ ይቀመጥ ጀመር። ቃሲምም «ምን ሆንን?» ሲለው «የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል» አለ። የረሳው ነገር አልነበረም፤ ወሬው ነበር የጎደለው።

ወደ አሰብ የሚወርድ ጭነት በደረሰው ጊዜም፣ በኩርኩራው ሥር ቆሞ ጠየቀ፦ «ጋሼ ጀይላን፣ ከአሰብ ምን ላምጣልዎ?»

«በሰላም ና» አሉ፤ ሌላም አልጨመሩ።

ወእምዝ ተነሥቶ ሄደ። በኮምቦልቻ አደረ፤ ባቲን ቁልቁል አለፈ፤ በሚሌ ሰፈረ፤ ሙቀቱ ከዲችኦቶ ወዲያ በእሳትነት ተቀበለው፤ አሰብም ገባ። ጭነቱን አራግፎ፣ የሚጭነው ማዳበሪያ ከመርከብ እስኪወርድለት ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሌሎች ሾፌሮች በጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ፣ እርሱ የባሕረኞች ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ወጣ። ከአሰብ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅምና፤ ለአንዱ ብርጭቆ፣ ለአንዷ ሻሽ፣ ለሆቴላችንም አንድ ጊዜ ከግድግዳ ላይ የማይወርድ የመርከብ ሥዕል አምጥቷል። ዛሬ ግን ብርጭቆም ሻሽም አልነካም። የሸክላ ክምር ከፊቱ ካስቀመጠ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ቆሞ «የኤደን ሸክላ አለህ?» አለ።

ነበረው። ብዙ ነበረው። ሽማግሌው በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎኑን አውጥቶ አንዱን ቢያጫውትለት ዘፈን፤ ሌላውን ቢያጫውትለት ዘፈን፤ ሦስተኛውን ቢያጫውትለት የአንድ ሰው ቁርኣን። ንጉሤም ሁሉን እስከ መጨረሻው በአክብሮት እያዳመጠ «ሌላ» ይል ነበር። ሽማግሌው ሲጠመዝዝ ክንዱ ዛለ።

«ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልትማር የመጣኸው?» አለው።

«አንድ ብቻ። ከሥር ያለውን።»

ከሥር ያለው በመሐሉ ላይ መርከብ የተሳለበት ነበር። በአንዱ ገጽ ዑድ ተመታ። ሲገለብጡት መጀመሪያ እንደ ጥብስ ተንጫጫ፤ ከዚያም አንድ ወጣት በአማርኛ፣ ያውም በይፋት አማርኛ፣ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም! እኔ ጀይላን ነኝ፣ የአሊዩ አምባው—» ወዲያው ግራማፎኑ ጉልበቱ አለቀና ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ እንደ በሬ አጓርቶ ቆመ።

ንጉሤ በቆመበት ደርቆ ቀረ። ላቡ እንኳ መውረድ ያቆመ ይመስል ነበር ይላል ቃሲም፤ ቃሲም ግን በዚያ አልነበረም። «ጠምዝዘው!» ብሎ ቢለምን፣ ሽማግሌው «ክንዴ አልቋል፤ ወስደህ አገርህ ጠምዝዘው» አለ። ምን እንደ ከፈለበት ለማንም አልተናገረም፤ ሰዓቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጁ ላይ አልታየም። ሽማግሌውም ሲያሰናብተው እንዲህ ሲል አስጠነቀቀ፦ «የዚህ ዕቃ ጠላቱ ሁለት ነው፤ ፀሐይና ክርን። ከፀሐይ ብታድነው ክርን ያገኘዋል።»

ቃሲም ነገሩን በሰማ ጊዜ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ሰው ከአሰብ ራዲዮ ይጭናል፤ እርስዎ የጋሼ ጀይላንን ወሬ ይጭናሉ? ወሬውንማ ሮቢት በነጻ ስንሰማው ነበር!»

«ነበር። ራስህ አልኸው» አለ ንጉሤ።

ቃሲምም ሄዶ ከወደቡ ሁለት የሳጥን ጣውላ ለምኖ መጣ። ሸክላውን በላስቲክ ጠቀለሉት፤ በሁለቱ ጣውላዎች መካከል አስተኙት፤ በንጉሤ ጋቢ ጠመጠሙት፤ ጋቢውንም በውሃ አራሱት። ቃሲም በጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ አራስ ልጅ ታቀፈው። በረሃውም ዘመተባቸው፤ በፊት ፀሐይ፣ በኋላ አቧራ፣ በሥር ጉድጓድ፣ በላይ ደግሞ ነፋስ የማይባል የእሳት ትንፋሽ። ጋቢው በደረቀ ቁጥር ከመጠጥ ውሃቸው ያርከፈክፉበት ነበር፤ ሸክላው እየጠጣ እነርሱ ተጠሙ። ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ ቃሲም «ጋሼ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» ብሎ ቢለምን፣ ንጉሤ ጀሪካኑን እየሰጠ «ግማሹን ለጋሼ ጀይላን ተውላቸው» አለ።

ሚሌ ኬላ ሲደርሱ ፈታሹ ያንን እርጥብ ጥቅል አየና አወረዳቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድምፅ ነው» አለ ንጉሤ።

«የማን ድምፅ?»

«የጋሼ ጀይላን።»

«ጀይላን የት ነው ያለው?»

«ሸዋ ሮቢት።»

ፈታሹ አሰበ። «ሰውየው ሸዋ ሮቢት ካለ፣ ድምፁ ሚሌ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ወደ ባለቤቱ እየሄደ ነው። ረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ አታዘግየው፣ ጌታዬ።»

ፈታሹ ጥቅሉን አስፈታ፤ መርከቡን አየ፤ የዐረብኛውን ጽሕፈት አየ፤ በጣቱ አንኳኳው፤ ጆሮውንም አስጠጋ። ምንም አልሰማም። ጓደኛውን ጠርቶ እርሱም ጆሮውን አስጠጋ። እንዲህ ሆነው በፀሐይ ላይ ቆመው ሳለ፣ ንጉሤ ባርኔጣውን አውልቆ ለሸክላው ያጠላለት ነበር፤ የራሱን ራስ ግን ፀሐይ መታችው። ፈታሹ ይህን ባየ ጊዜ «ሂዱ» አለ፤ ቀጥሎም በዝግታ «ይህን ያህል የሚደክምለት ድምፅ ክፉ አይናገርም» አለ።

ባቲን ወጡ፤ ኮምቦልቻን አለፉ፤ ከሚሴን አለፉ፤ አየሩ ቀለል አለ። ጋቢው መራስ ቀረ፤ ቃሲምም መዝፈን ጀመረ። አጣዬ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበርና፣ ወደ ሮቢት የሚሄዱ አንድ ወፍራም የበርበሬ ነጋዴ «በአላህ፣ በማርያም፣ በፈለጋችሁት» ብለው ለመኑ። ንጉሤም ልቡ ደስ ብሎት ነበርና ይግቡ አለ። ቃሲም የተፈታ ሸራ ሊያሥር ለአንድ አፍታ ወረደ፤ ጥቅሉንም በወንበሩ ላይ ተወው።

በረሃ ያልበገረውን፣ ኬላ ያልማረከውን ያን ሸክላ፣ የአጣዬው የበርበሬ ነጋዴ ተቀመጡበት።

ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ነጋዴው ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ወንድሞቼ፣ ሳህን መስሎኝ ነው» አሉ። ቃሲምም በመስኮቱ «ሳህን ላይስ ይቀመጣሉ እንዴ?» አለ፤ ነጋዴውም ይህን ያህል አላሰቡበትም ነበር።

ጥቅሉን ፈቱት። ጣውላዎቹ ከመሰበር አድነውታል፤ ከዳሩ ግን እንደ ጨረቃ ጥፍር ያለ ቁራጭ ተገምሶ ወድቋል። ሸክላ ወሬውን የሚጀምረው ከዳር ነውና፣ የወደቀው መጀመሪያው ነው፤ ሰላምታው፣ ስሙና አገሩ። «እኔ ጀይላን ነኝ» የሚለው ከአጣዬ መንገድ ላይ ቀረ። ንጉሤ ወርዶ በመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱንም በሁለት እጁ ያዘ። ሌላ ማንም ያንን ቃል አልሰማም፤ እርሱ ሰምቻለሁ ቢልስ የሾፌር ወሬ ማን ያምናል? ሾፌሮች ሁሉ ሲዋሹ ኖረዋል፤ ቅጣቱን ግን እርሱ ሊቀበል ነው።

«ልጣለው» አለ። «ለሳቸውም ባይነገራቸው ይሻላል። ስም የሌለው ድምፅ ይዤ ብገባ ዳግመኛ መሣቂያ ላደርጋቸው ነው።»

ቃሲምም ሸክላውን ከነጣውላው መልሶ ታቀፈው። በኋላም «ጋሼ፣ እኔ ከአሰብ እስከዚህ ታቅፌዋለሁ» አለ። «ከጣሉትም እኔን አብረው ይጣሉኝ።»

ወእምዝ ሮቢት ገቡ። ንጉሤ ፊቱን ሳይታጠብ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ወደ ኩርኩራው ሥር ሄደ፤ እኔም የሚሆነውን ለማየት ትሪዬን ይዤ ተከተልሁ። ሸክላውን በጋሼ ጀይላን ጉልበት ላይ አኖረ። እሳቸውም መርከቡን አዩ። በጣታቸው አዞሩት። አፋቸውም ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደ ቆየ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ይህ... መርከቡ ይህ ነው። ያ አላህ! ከየት?»

ንጉሤ ሁሉን ነገራቸው፤ የተገመሰውንም አልደበቀም። ጋሼ ጀይላን ጣታቸውን በጎደለው ዳር ላይ አኖሩ።

«ስሜ የነበረበት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ፋዲላን አትጥሯት» አሉ። «ስም የሌለውን ድምፅ ማን ነው ትበለው? ይበቃኛል። አንተ ሰምተሃል፤ አንድ ሰው ካመነኝ ይበቃኛል።»

ነገር ግን ቃሲም የቀወት ልጅ ነውና፣ መኪናው እንደ ቆመ በአቋራጭ ወደ እማማ ፋዲላ ሄዶ ነበር።

በሮቢት በዚያ ዘመን አንድ ሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነበር፤ እርሱም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ለስብሰባ ማርሽ የሚያሰማ። ንጉሤ ይህን ሊለምን በገባ ጊዜ፣ ጓድ ግርማ ሸክላውን አገላብጦ አየ፤ ጽሕፈቱም የማያውቀው ስለ ሆነ ተጨነቀ። ብቻውን ቢሰማው ይታማል፤ ከልክሎ ቢመልሰውም ይታማል። ስለዚህ ጥበብ መጣለትና በድምፅ ማጉያው አዋጅ አስነገረ፦

«ስማ፣ ስማ! የሰማህ ጎረቤትህን ቀስቅስ! በባዕድ አገር የተቀረጸ አንድ ሸክላ በቀበሌው ግቢ ይደመጣል። ይዘቱ ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ወይም የማይጠቅም መሆኑ በሰፊው ሕዝብ ፊት ይጣራል። መቅረት ክልክል ነው። ወንበር ያለው ወንበሩን ይዞ ይምጣ!»

ሕዝቡም ተሰበሰበ። ከሾፌር ወገን መንገዳቸውን ያቆሙ፤ ከሆቴል ወገን እመቤቴ እትዬ ሮማን፣ ከኋላቸውም እኛ፤ ከመስጊድ ወገን ሽማግሎች፤ ከገበያ ወገን በርበሬ ሻጩ፣ አሁን ግን ለመቀመጥ ፈርተው ቆመው፤ ያ የጉንጩን ውሃ ያፈሰሰው ሽማግሌም ከነልጁ። ጋሼ ጀይላን በፊት ረድፍ ተቀመጡ፤ ነጭ ኮፍያቸው ታጥቦ ነበር። ሁሉ ጸጥ ሲል እማማ ፋዲላ በአህያ መጡ። ወረዱ። ባላቸውን አላዩም፤ ከሁሉ ኋላ በግንቡ ጥግ ቆሙ።

ጓድ ግርማ መርፌውን ከተገመሰው አለፍ አድርጎ አሳረፈ። ከማጫወቻውም ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል፣ ረጅም፣ የሚያስፈራ ማጓራት ወጣ። አንዱ ከሕዝቡ መካከል «ይሄማ የጅብ ድምፅ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ጋሼ ጀይላን አንገታቸውን ደፉ። ንጉሤ ግን ዘሎ ወደ ማጫወቻው ሄደና «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ፍጥነቱ ነው! አሮጌ ሸክላ ቶሎ ይዞራል!» አለ። ጓድ ግርማም ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ያን ጊዜ እንደ ዝናብ ካለ ድምፅ መካከል አንድ ወጣት፣ ደስ ያለው፣ የጮኸ፣ ሊናገር የጣደፈ ወጣት ወጣ፦

«...ተናገር ብሎኝ ነው የምናገር። ምን ልበል? ኤደን ሙቅ ናት። ውሃዋ ጨው ነው። ዓሣ በልቼ በልቼ ክንፍ ላወጣ ነው። ማሽላው ደርሷል? እማ፣ ሞቷል ብለው ቢነግሩሽ አትመኚ፤ አልሞትኩም፤ ጆንያ እየተሸከምኩ ነው። ይህን የምትሰማ መንገደኛ፣ በአገሬ ካለፍህ ሰላም በልልኝ። በቃ? መቼ ጀመርሁና!»

ከዚያም ሳቀ። ሳቁ ከዝቅታ ተነሥቶ እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለ ወጥቶ፣ ላይ ሲደርስ ተሰብሮ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ጀመረ፤ ጓድ ግርማም መርፌውን አነሣ።

ግቢው ለሁለት ተከፈለ። «ጀይላን ናቸው!» የሚሉ ነበሩ፤ «ኤደን የይፋት ሰው ሞልቶባት ነበር፤ ስም አልተጠራም!» የሚሉም ነበሩ። ንጉሤ ቆሞ «ስሙን በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ!» ቢል፣ ሾፌሮቹ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ጓድ ግርማም በጠረጴዛው ላይ መትቶ «የጋሼ ጀይላንን የወጣትነት ድምፅ የሚያውቅ አለ?» አለ። በአሊዩ አምባ የሚያውቋቸው ሞተዋል፤ ሮቢት የሚያውቃቸው ከሸመገሉ በኋላ ነው። ዓይን ሁሉ ወደ ግንቡ ጥግ ዞረ።

እማማ ፋዲላ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አይደለም ቢሉ ያሸንፋሉ፤ ነው ቢሉ በአገር ፊት ይሸነፋሉ። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

«ልጄ ግርማ፣ ያንን መጨረሻውን እንደገና አሰማኝ» አሉ።

አሰማቸው። ወጣቱ ሳቀ።

«ድገመው።»

ደገመው። በዚህ ጊዜ እማማ ፋዲላ ከጥጉ ወጥተው ሕዝቡ እየከፈተላቸው እስከ ጠረጴዛው መጥተው ነበር። እጃቸውን በማጫወቻው ክዳን ላይ አኖሩ።

«የሚያወራውን አላውቀውም» አሉ። «ሳቁን ግን አውቀዋለሁ። ከኤደን በተመለሰ ሰሞን አባቴ ግቢ በእንግድነት መጣ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ መልኩን አላየሁም። ከግድግዳ ማዶ እንዲህ ሲስቅ ሰማሁት። ሊያጩኝ ሲመጡ፣ ሳላየው እሺ ያልኩት በዚህ ሳቅ ነው።»

እሳቸው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ስለዚህ ሸክላ አወራህልኝ። ይህን ሳቅ የት ጣልከው?»

«መቼ አስቀመጥሽኝና!» አሉ ጋሼ ጀይላን። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር ውሸታም ትይኛለሽ፤ ሰው እየተሰደበ ይስቃል?»

«ውሸታም ያልኩህን በሕዝብ ፊት ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ፋዲላ። ግን አንድ ነገር ስሚ፤ ኤደን ላይ ዘፈንኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። እንደሰማሽው፣ ስለ ዓሣ ነው ያወራሁት።»

«እሱንስ መቼ አምኜህ!»

ያን ጊዜ ጋሼ ጀይላን ሳቁ። ከዝቅታ ተነሥቶ፣ እየዘለለ ወጥቶ፣ ላይ ሲደርስ ተሰበረ፤ ዕድሜ አሻክሮታል፣ ሳል ጨምሮበታል፤ ነገር ግን ያው ነበር። ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተነሣ። የመስጊድ ሽማግሎች «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እትዬ ሮማን አለቀሱ፤ ያ ውሃ ያፈሰሰው ሽማግሌም መጥቶ የጋሼ ጀይላንን እጅ ሳመ። ቃሲም ጭንቅላቱን በደጁ በቆመው መኪና ሸራ ውስጥ ከቶ ነበር፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው ይላል። ንጉሤ ግን በማጫወቻው አጠገብ ቆሞ፣ ባዶ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አጥቶ፣ አንዴ ወደ ኪሱ ሲከታቸው አንዴ ሲያወጣቸው አየሁት።

ጓድ ግርማም ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን አወጀ፦ «ሸክላው ሰፊውን ሕዝብ የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። ስለ ዓሣ የተሰጠው አስተያየት የተናጋሪው የግል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ጀይላንን በኤደን ነገር ውሸታም ያለ ይጠየቃል። ስብሰባው ተበትኗል፤ ወንበር ያመጣህ ወንበርህን ውሰድ!»

እማማ ፋዲላ በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሐምዲያም በተከታዩ ወር ተዳረች። ጋሼ ጀይላን ዝም ያሉበትን ጊዜ ሊያካክሱ ይመስል ከጠዋት እስከ ማታ ያወሩ ጀመር። ንጉሤ ደግሞ ወደ አሰብ ሊወርድ ገመድ ለመግዛት በሄደ ጊዜ እማማ ፋዲላ ከቤት ወጥተው ክንዱን ይዘው «ልጄ ንጉሤ፣ አደራህን ሌላ ሸክላ እንዳታመጣ» አሉት። «አንዱን ጀይላን አዳምጬ አልጨረስኩትም።»

እነሆ የንጉሤ ሥራ ይህ ነው። ሌሎች አገር አቀኑ፣ ከተማ ቈረቈሩ፣ ደወል አስደወሉ፤ እርሱ አንድ ሽማግሌ ሲስቅ የሚሰማበትን ቤት መለሰ። የበረሃን ፀሐይ በእርጥብ ጋቢ የተዋጋ፣ የኬላን ጥያቄ በእውነት የረታ፣ የተሸረፈውን ሳይደብቅ ያስረከበ፣ እርሱን የመሰለ መራሔ መኪና በይፋት ቆላ አልተነሣም። እጁ መሪ አይጣ፤ ጎማው እሾህ አይወቅ፤ አቀበቱ ይዝቀጥለት፤ ፍሬኑ አይክዳው። በሄደበት አገር ሁሉ ጥላ ይስጡት፤ ሲመለስም በደጃፉ ቆሞ «ምን ይዘህልን መጣህ?» የሚለው ሰው አይጣ።